ግንብ ያልነበረው ጌቶ፦ ስለ ሻንጋይ አይሁድ ስደተኞች ኑሮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከ1938 እስከ 1945 ድረስ ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከፖላንድ ሸሽተው ሻንጋይ ስለኖሩት አይሁድ ነው። ጌቶ ማለት አይሁድ ተለይተው እንዲኖሩበት የተገደዱበት ሰፈር ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የመንገድ ስሞችን ስደተኞቹ ይጠሯቸው በነበረው ስም ጽፈናል፤ ዛሬ ካርታ ላይ የሚገኘውን ስም አስፈላጊ በሆነበት ቦታ አክለናል።

ከዓለም ሁሉ ሻንጋይን ለምን መረጡ?

የመረጡት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኛው የሄደው ሌላ በር ስላላገኘ ነው። በጁላይ 1938 የ32 አገሮች ተወካዮች ፈረንሳይ ኤቪያን ላይ ስለ ስደተኞቹ ተሰብስበው ነበር፤ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በቀር ብዙ ሰው ለመቀበል እሺ ያለ አልተገኘም።

ሻንጋይ በዚያን ጊዜ በሦስት ተከፍላ ነበር፤ እንግሊዞችና አሜሪካኖች የሚያመዝኑበት ዓለም አቀፍ ቀጠና፣ የፈረንሳይ ቀጠና እና የቻይና ክፍል። በ1937 ጃፓኖች ከቻይና ጦር ጋር ተዋግተው የከተማውን ዙሪያ ሲይዙ፣ ወደቡ ላይ ፓስፖርት ያይ የነበረው የቻይና መንግሥት ቢሮ ፈረሰ። ማንም በቦታው አልተተካም። ስለዚህ ከመርከብ የወረደ ሰው ቪዛ አይጠየቅም ነበር። “ሻንጋይ በሯን ከፈተች” የሚለው አባባል ደስ ይላል እንጂ ልክ አይደለም፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለመኖሩ ነው ያዳናቸው።

ቪዛ ካላስፈለገ በቪየና የቻይና ቆንስል የነበረው ሆ ፌንግሻን ለምን ይመሰገናል?

ቪዛው ለመግባት ሳይሆን ለመውጣት ያስፈልግ ስለነበር። ናዚዎች በኖቬምበር 1938 በአይሁድ ላይ ካደረሱት የጥቃት ሌሊት በኋላ ወደ 30,000 የሚጠጉ አይሁድ ወንዶች ዳካውን ወደመሳሰሉ ካምፖች ተወስደዋል። ከዚያ የሚፈታው አገር ለቆ እንደሚሄድ ማስረጃ ያቀረበ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ማስረጃውን ይዛ ከቢሮ ቢሮ የምትንከራተተው ሚስት ናት። የመርከብ ትኬት ወይም በፓስፖርት ላይ የተመታ ቪዛ ማስረጃ ይሆናል። ሆ ፌንግሻን የአለቆቹን ፈቃድ ሳይጠብቅ ይህን ቪዛ በብዛት ሰጥቷል። ያድ ቫሼም የተባለው የእስራኤል የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ተቋም በ2000 “ከአሕዛብ ወገን ጻድቅ” ብሎ ሰይሞታል። ቪዛውን ይዘው ወደ ሌላ አገር የሄዱም አሉ፤ ስለዚህ “የሻንጋይ ቪዛ ያለው ሁሉ ሻንጋይ ኖሯል” ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

ጉዞው እንዴት ነበር? ስንት ጊዜስ ይፈጅ ነበር?

ዋናው መንገድ በባሕር ነው። ኮንቴ ቢያንካማኖ፣ ኮንቴ ቬርዴ እና ኮንቴ ሮሶ የተባሉት የጣሊያን መርከቦች ከጄኖዋ ወይም ከትሪየስቴ ተነሥተው በስዊዝ ቦይ፣ በቀይ ባሕር፣ በቦምቤይ፣ በኮሎምቦ፣ በሲንጋፖርና በሆንግ ኮንግ አድርገው አራት ሳምንት ገደማ ይጓዙ ነበር።

አንድ ሰው ከጀርመን ይዞ መውጣት የሚፈቀድለት 10 ራይሽ ማርክ ብቻ ነው። ትኬቱ ግን አስቀድሞ በጀርመን ገንዘብ ይከፈላል፤ ርካሹ ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅም ያለው ሰው አንደኛ ማዕረግ ይገዛ ነበር። በዚህ የተነሣ ለአራት ሳምንት ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አስተናጋጅ ሲያቀርብለት የሰነበተ ሰው፣ ሻንጋይ ወደብ ላይ ዕቃ በሚጫንበት ካሚዮን ተጭኖ ወደ መጠለያ ይወሰዳል፤ የመጀመሪያውንም ምሳ በቆርቆሮ ሳህን ተሰልፎ ይቀበላል። ልብስና የወጥ ቤት ዕቃ ማምጣት ይቻል ስለነበር ሱፍ ካፖርት፣ የሸክላ ሳህን፣ ካሜራና ቫዮሊን ይዘው የመጡ ብዙ ናቸው። ያ ዕቃ በኋላ አንድ በአንድ እየተሸጠ የዳቦ መግዣ ሆኗል።

ጣሊያን በጁን 1940 ጦርነት ስትገባ የባሕሩ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እስከ ጁን 1941 የነበረው በሩስያ ሳይቤርያን አቋርጦ የሚያልፈው ባቡር ነው። ከሊትዌንያ የጃፓኑ ቆንስል ሱጊሃራ በ1940 የሰጡትን የመሸጋገሪያ ቪዛ ይዘው የወጡት በቭላዲቮስቶክ በኩል ጃፓን ገቡ። ኮቤ ከተማ ሲቆዩ ሌላ አገር የሚቀበላቸው ያጡትን ወደ 1,000 ሰዎች ጃፓኖቹ በ1941 ወደ ሻንጋይ አዛወሯቸው።

ስንት ነበሩ? እስከ መቼስ ገቡ?

ከ16,000 እስከ 20,000 የሚሉ ግምቶች አሉ፤ በብዛት የሚጠቀሰው 18,000 አካባቢ ነው። አብዛኛው የገባው ከ1938 መጨረሻ እስከ ኦገስት 1939 ባለው አጭር ጊዜ ነው። በኦገስት 1939 ጃፓኖቹም የቀጠናው ምክር ቤትም “በቃ” አሉ። ከዚያ ወዲህ በዓለም አቀፉ ቀጠና ለመኖር ፈቃድ ወይም ለአዋቂ 400፣ ለልጅ 100 የአሜሪካ ዶላር ማሳየት ግድ ሆነ። 10 ማርክ ይዞ ለወጣ ሰው ይህ መከልከል ማለት ነው።

ከተማው ውስጥ ቀድሞ የነበሩ አይሁድ አልነበሩም?

ነበሩ፤ ሁለት ዓይነት። ከባግዳድ በቦምቤይ በኩል የመጡት እነ ሳሱን፣ ካዱሪና ሃርዱን ጥቂት ሆነው እጅግ ባለጠጋ ነበሩ። ከሩስያ የመጡት በሺዎች የሚቆጠሩት ደግሞ ሱቅና ትንንሽ ንግድ የያዙ ናቸው። መጀመሪያ ስደተኞቹን የተቀበሉት እነዚህ ናቸው። ቪክቶር ሳሱን ከወንዙ ዳር ካለው ትልቅ የኪራይ ሕንፃው ከፊሉን መቀበያ እንዲሆን ሰጠ። በኋላ ዋናውን ወጪ የተሸከመው ጆይንት የተባለው የአሜሪካ አይሁድ የእርዳታ ድርጅት ነው።

የት ይተኙ ነበር?

ገንዘብ የሌለው “ሃይም” በሚባለው የጋራ መጠለያ ነው። ዋርድ፣ ቻውፎንግ፣ ኪንቻው፣ ዌይሳይድ በተባሉ መንገዶች ላይ በአሮጌ ትምህርት ቤቶችና መጋዘኖች የተከፈቱ ናቸው። በአንድ ክፍል ድርብ አልጋ ተደርድሮ ከጥቂት ደርዘን እስከ መቶ የሚጠጋ ሰው ይተኛል። ባልና ሚስት በአንሶላ ይጋርዳሉ። ያ አንሶላ ዓይን ይጋርድ እንደሆነ እንጂ ሳል፣ ጠብና የሕፃን ልቅሶ አይጋርድም። ሻንጣ ከአልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ትኋን ከአልጋው እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ለማስወጣት አልጋውን ደጅ አውጥቶ የፈላ ውሃ ማፍሰስ የሳምንት ሥራ ነው።

ትንሽ ያለው ሆንግኮው በተባለው ሰፈር ክፍል ይከራያል። ሰፈሩ በ1937ቱ ውጊያ ፈራርሶ ስለነበር ኪራዩ ከሌላው ርካሽ ነው። ብዙዎች የፈረሰ ግድግዳ ራሳቸው ጠግነው ገብተዋል። ቤቶቹ በጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የሻንጋይ ድርድር ቤቶች ናቸው፤ ታች አንድ ቤተሰብ፣ ላይ አንድ፣ በደረጃው መሐል ባለችው ጠባብ ክፍል ሌላ።

ውሃና ሽንት ቤት እንዴት ነበር?

የዕለቱ ኑሮ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ በዝርዝር እንንገር።

በአብዛኛው ቤት የውሃ ሽንት ቤት የለም። ያለው ክዳን ያለው የእንጨት ባልዲ ነው፤ ፖፖ በሉት። ማለዳ ጋሪ የሚገፋ ሠራተኛ እየጮኸ ያልፋል፤ ባልዲው ደጅ መውጣት አለበት። ያንን ያሳለፈ ቤት እስከ ማግስቱ ከሽታው ጋር ይውላል። ከተገለበጠ በኋላ ባልዲው በቀርከሃ መፈግፈጊያ ይታጠባል። የተሰበሰበው ለገበሬ ማዳበሪያ ሆኖ ይሸጣል፤ ጥሬ ሰላጣ መብላት ክልክል የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም። ቤት ውስጥ ማፍላት ግን ማገዶ ይጨርሳል። ስለዚህ ከመንገዱ ጥግ የፈላ ውሃ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ቻይናውያን “የነብር ምድጃ” ይሉታል። ትልልቅ የብረት ጋኖች በከሰል ምድጃ ላይ ተተክለው ቀኑን ሙሉ ይፈላሉ። አስቀድሞ ከሱቁ ምልክት ያለበት የቀርከሃ ስንጥር ይገዛል፤ ፔርሙስ ወይም ማንቆርቆሪያ ይዞ ሄዶ ስንጥሩን ሰጥቶ ይቀዳል። ስህተቱ የሚመጣው ሰው ሲበዛ ነው። ባለሱቁ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ ወዲያው ይቀዳል፤ ውሃው ይተናል፣ እጅ ያቃጥላል፣ ነገር ግን አልፈላም። የለመደች እናት አረፋው ሲንተከተክ ካላየች አትቀዳም፤ ያልለመደችው ቤቷ ተቅማጥ ይዛ ትገባለች።

በምን ያበስሉ ነበር?

የከሰል ምድጃ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይደለም። ምድጃው የባልዲ ወይም የአበባ ማሰሮ ያህል ነው፤ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ፣ ከታች አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው። የሚነደው የከሰል ብናኝ ከጭቃና ከውሃ ጋር ተለውሶ፣ በእጅ እየተድቦለቦለ በፀሐይ የደረቀ ነው። ጭቃው ከበዛ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ካነሰ ገና ሲያነሱት ይፈርሳል። ከጁን አጋማሽ ጀምሮ ያለው የዝናብ ወቅት ደግሞ ለሳምንታት ስለማያባራ ድቡልቡሉ አይደርቅም፤ አስቀድሞ ያላዘጋጀ ቤት ያኔ ይቸገራል።

አለኳኮሱ እንዲህ ነው። ከታች ወረቀትና ስንጥር እንጨት፣ ከላይ ሁለት ሦስት ድቡልቡል ይደረጋል፤ ከተለኮሰ በኋላ በቀርከሃ ማራገቢያ ከታች ባለው ቀዳዳ በኩል ይራገባል። ሁልጊዜ ደጅ፣ መተላለፊያው ላይ ነው የሚለኮሰው። ጭሱ እስኪጠፋና ከሰሉ እስኪቀላ ሳይጠብቁ በር ወደተዘጋ ክፍል ማስገባት በጋዝ ታፍኖ መሞትን ያመጣል። በቪየና ጋዝ ምድጃ ሲያበስሉ የኖሩ እመቤቶች ይህን የተማሩት ከቻይናውያን ጎረቤቶቻቸው፣ በምልክት ቋንቋ ነው።

ምን ይበሉ ነበር?

እንደ ጊዜው ይለያያል። በመጀመሪያ የመጠለያዎቹ ወጥ ቤት በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ያበላ ነበር። ከዲሴምበር 1941 በኋላ ጃፓን ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ስትገባ ገንዘብ መላክ ከጠላት ጋር መነገድ ሆነ፤ ሒሳቡ ነጠፈ። ያኔ አንድ የሞቀ ምግብና ዳቦ ለብዙዎች የቀኑ ሙሉ ቀለብ ሆነ።

ጆይንት በሜይ 1941 የላካቸው ላውራ ማርጎሊስ ሻንጋይ ሲደርሱ ወደ 8,000 ሰው ከወጥ ቤቱ እጅ ይጠብቅ ነበር። የወጥ ቤቱ ዋና ችግር የእህል ማነስ ብቻ አልነበረም፤ አሮጌዎቹ ምድጃዎች ከሰል ይፈጁ ስለነበር ለማገዶ የሚወጣው ገንዘብ ከድስቱ እየተቀነሰ ነበር። ስለዚህ በእንፋሎት የሚሠራ ትልቅ ማፍያ ተፈልጎ ተተከለ፤ በዚያው ወጪ ብዙ ሰው ማብላት ተቻለ። ገንዘቡን ያገኙት ከጦርነቱ በኋላ ጆይንት እንደሚከፍል ቃል ገብተው ከከተማው ነዋሪዎች በመበደር ነው። በ1943 መጀመሪያ ጃፓኖች ማርጎሊስን እንደ ጠላት ዜጋ አሰሯቸው፤ ከ1944 ጀምሮ ግን ገንዘብ በስዊዘርላንድ በኩል እንደገና መግባት ቻለ።

በዚያ የችግር ጊዜ ድስት ውስጥ የገባው በብዛት የአሜሪካ ቀይ መስቀል ያስቀመጠው የተከካ ስንዴ ነው። የእኛ ቅንጬ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቅቤ የለውም፣ አንዳንዴ ነቀዝ አለው። ነቀዙን ለመልቀም በትሪ ላይ ማበጠር የልጆች ሥራ ነበር። የተረፈው ተፈጭቶ ከዱቄት ጋር ዳቦ ይሆናል። ባዶ የዱቄት ጆንያም አይጣልም፤ ታጥቦ ሱሪና ሸሚዝ ይሰፋበታል።

ከምን በሽታ ነበር የሚጠነቀቁት?

ከአሜባና ከባሲለስ ተቅማጥ፣ ከታይፎይድ፣ ከኮሌራ፣ ከሆድ ትል፤ በክረምት ደግሞ በቅማል ከሚተላለፈው ተስቦ። በ1939 መጠለያዎቹ ውስጥ ቀይ ትኩሳት ገብቶ ነበር። ከቫይታሚን እጥረት የሚመጣው ቤሪቤሪም እግር ያሳብጥ ነበር።

የቤት ደንቡ አጭር ነው። ውሃ ይፈላል። አትክልት ይቀቀላል፤ ፍሬ ከሆነ ደግሞ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ሐምራዊ ውሃ ተዘፍዝፎ ይቆይና በፈላ ውሃ ይለቀለቃል። ከመንገድ የተቆረጠ ሐብሐብ አይበላም፤ ልጆች የሚያፈርሱት ይህን ደንብ ነው። ክትባት በየጊዜው ይወሰዳል። ከስደተኞቹ መካከል ሐኪም ሞልቶ ነበር፤ የጠፋው መድኃኒት ነው።

ሥራ ያገኙ ነበር?

ጠበቃና የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው እውቀቱ እዚያ ምንም አይሠራለትም። ዳቦ ጋጋሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ሠሪ፣ ኤሌክትሪሲቲ የሚያውቅ ይሻለዋል። ብዙ ቤት የተዳደረው በሴቶች ሹራብ፣ ጓንትና ኬክ ነው። በ1941 ኦርት የተባለው ድርጅት የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ።

ቹሳን መንገድ (የዛሬው ዦውሻን) “ትንሿ ቪየና” ተብሎ ነበር፤ ካፌ፣ የሥጋ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ የጀርመንኛ ጋዜጣ፣ ቲያትር፣ የእግር ኳስ ሊግ ሁሉ ነበረበት። ይህን ፎቶግራፍ አይተው “ተመችቷቸው ነበር” የሚሉ አሉ። አንድ ቡና አዝዞ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ የተቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ እሳት የሌለው ነው።

በገበያው የሚነገረው የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር፤ የሻንጋይን ቻይንኛ በደንብ የተማሩት በአብዛኛው ልጆች ናቸው።

በ1943 ምን ሆነ?

ፌብሩዋሪ 18 ቀን የጃፓን ጦር አዋጅ አወጣ። ከ1937 ወዲህ የመጡ “አገር የለሽ ስደተኞች” እስከ ሜይ 18 ድረስ ሆንግኮው ውስጥ በተወሰነው ቦታ ጠቅልለው እንዲገቡ አዘዘ። አዋጁ ውስጥ “አይሁድ” የሚል ቃል የለም፤ “ጌቶ”ም አይልም፤ “የተወሰነ ክልል” ነው የሚለው። ግን ጀርመን በኖቬምበር 1941 ውጭ አገር ያሉ አይሁዶቿን ዜግነት ስለገፈፈች፣ አገር የለሹ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የሩስያ አይሁድ ቀድመው ስለመጡ አልተነኩም፤ የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዙት ባግዳዳውያን ደግሞ እንደ ጠላት ዜጋ ካምፕ ገቡ።

ክልሉ ከሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። በዛሬው ካርታ በምዕራብ ጎንግፒንግ፣ በምሥራቅ ቶንግቤይ፣ በደቡብ ሁዊሚን፣ በሰሜን ዦውጂያዙዊ መንገዶች ያዋስኑታል። በውስጡ ወደ 100,000 የሚጠጉ ቻይናውያንም ይኖሩ ነበር፤ እነሱ ግን በነፃ ይወጣሉ ይገባሉ። ግንብም ሆነ የሽቦ አጥር የለም። “አገር የለሽ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ከዚህ ማለፍ አይችልም” የሚል ሰሌዳና የጥበቃ ቦታ ነው ያለው። ጥበቃውም “ባኦጂያ” በሚባለው አሠራር ለራሳቸው ለስደተኞቹ ተሰጠ፤ ከ20 እስከ 45 ዓመት ያለ ወንድ በየሳምንቱ ለተወሰኑ ሰዓታት ክንዱ ላይ ጨርቅ አስሮ የወገኑን ወረቀት ያያል። ግንብ ቢሠሩ ወጪው የጃፓኖች ይሆን ነበር፤ በዚህ ዘዴ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን ጠበቀ።

የይለፍ ወረቀት እንዴት ይገኝ ነበር?

በመጀመሪያ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ከክልሉ ውጭ ሥራ እንዳለው የሚመሰክር የአሠሪ ደብዳቤ፣ የሐኪም ቀጠሮ ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ። ከዚያ ወደ ቢሮው ሄዶ መሰለፍ ነው፤ በክረምት ብርድ፣ በበጋ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ወበቅ። የረጅሙን ጊዜ ይለፍ የሚሰጠው ጎያ የተባለ ጃፓናዊ ሹም ነበር። ራሱን “የአይሁድ ንጉሥ” ይል ነበር፤ አጭር ስለሆነ ረጅም ሰው ሲገባበት ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ በጥፊ ይማታል፤ ሲለው ደግሞ ለልጆች ይስቃል። ዛሬ የፈቀደውን ነገ ይከለክላል፤ ስለዚህ ትክክለኛ ማስረጃ መያዝ ብቻውን ዋስትና አልነበረም።

ይለፉ ላይ የሚሄዱበት ሰፈርና የሚመለሱበት ሰዓት ይጻፋል። ከሱ ጋር ደረት ላይ የሚደረግ “ማለፍ ይችላል” የሚል ትርጉም ያለው የቻይንኛ ፊደል የታተመበት ባጅ ይሰጣል። ሰው በብዛት የሚያዘው በሦስት ነገር ነው፤ ትራም ዘግይቶበት ሰዓት ሲያልፍበት፣ ከተጻፈው መንገድ ሌላ ሲገኝ፣ ባጁን ካፖርቱ ላይ ትቶ ካፖርቱን ሲያወልቅ። ቅጣቱ ይለፍ መነጠቅ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ማደር ነው። ማደሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እስር ቤቱ በቅማል የተሞላ ስለነበር ጥቂት ቀን ታስረው ወጥተው በተስቦ የሞቱ አሉ።

ልጆች ይማሩ ነበር? ሃይማኖታዊ ሕይወቱስ?

ሆራስ ካዱሪ ያሠራው ትምህርት ቤት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ወደ 600 የሚጠጉ ልጆች ገብተውበታል። ለብዙ ወላጅ የትምህርቱን ያህል ዋጋ የነበረው ልጁ እዚያ የሚያገኘው ምግብ ነው።

የሰፈሩ ምኩራብ በዋርድ መንገድ ያለው ኦሄል ሞሼ ነበር። ከፖላንድ ሚር ከተማ የመጡት የየሺቫ (የአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ተማሪዎችና መምህራን ከነሙሉ ጉባኤያቸው ተርፈው፣ በከተማው መሐል ባለው ቤት አሮን ምኩራብ ይማሩ ነበር። መጽሐፍ ሲያጥራቸው ታልሙድን (የአይሁድን የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) በፎቶ ማተሚያ ሻንጋይ ውስጥ አሳተሙ።

ስለነሱ አንድ የጾም ጥያቄ ይነሣል። ኮቤ ሳሉ፣ ቀኑ ከየት እንደሚጀምር በሊቃውንት ዘንድ ክርክር ስለነበረ፣ ሰንበት የጃፓን ቅዳሜ ነው ወይስ እሑድ የሚለው አልተቆረጠም ነበር። በ1941 የማስተስረያ ቀን ዮም ኪፑር ሲመጣ (ቤተ እስራኤል አስተስርዮ የምትለው) አንዳንዱ ሁለት ቀን ጾመ።

ከቻይናውያን ጎረቤቶች ጋር እንዴት ነበሩ?

በጥቅሉ በሰላም፤ ወዳጅነት ግን በቋንቋ የተገደበ ነው። በዚያ ሰፈር የሚኖረው ቻይናዊ በአብዛኛው ከስደተኛው የባሰ ደሃ ነበር። እርዳታ ድርጅት የለውም፤ በክረምት ማለዳ መንገድ ላይ በሰሌን ተጠቅልሎ የተተወ የሕፃን ሬሳ ማየት የተለመደ ነበር። የስደተኞቹ ታሪክ ሲነገር ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ጁላይ 17 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሰፈሩን ሲደበድቡ ከሠላሳ በላይ ስደተኞች ሞቱ፤ የሞቱት ቻይናውያን ቁጥር ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ምድር ቤት ያለው ቤት አልነበረም፤ መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ጥቂት ሲቆፈር ውሃ ይወጣል። ስደተኛ ሐኪሞች የቆሰለውን ሳይለዩ አከሙ፤ ቻይናውያኑም በማግስቱ ምግብና ገንዘብ ይዘው መጡ።

የኢትዮጵያ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ?

በአንድ በኩል አለ። በጃንዋሪ 1939 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በአምባሳደራቸው በኩል አይሁድ ስደተኞች ጣሊያን በያዘችው የኢትዮጵያ ምድር እንዲሰፍሩ ለሙሶሊኒ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሙሶሊኒ አልተቀበለውም። ባለአገሩን ግን ሁለቱም አልጠየቁትም።

ከጦርነቱ በኋላ የት ሄዱ?

በ1946 እና 1949 መካከል አብዛኛው ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ከ1948 ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደ። ጥቂቱ ወደ ኦስትሪያና ጀርመን ተመለሰ። አሜሪካ በትውልድ አገር ኮታ ትቀበል ስለነበር በጀርመን የተወለደ ቶሎ ሲያልፍ በፖላንድ የተወለደ ዓመታት ጠብቋል። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ባል አልፎ ሚስት የቀረችበት ጊዜም አለ።

የዘመድ ስም ለመፈለግ ከየት ይጀመራል?

ሁለት ዝርዝሮች አሉ። አንደኛው በኖቬምበር 1939 የታተመው የስደተኞች የአድራሻ መጽሐፍ ነው፤ ስም፣ ሙያ፣ የመጡበት ከተማና የሻንጋይ አድራሻ ይዟል። ሁለተኛው የጃፓን ፖሊስ በኦገስት 1944 ያስጻፈው ነው፤ በክልሉ የነበሩ ወደ 14,800 የውጭ አገር ሰዎች ተመዝግበውበታል። ከ1939 መጨረሻ በኋላ የገባ ሰው በመጀመሪያው አይገኝም፤ ከኦገስት 1944 በፊት የሞተ በሁለተኛው የለም። ሲፈልጉ ፊደሉን ለዋውጠው ይሞክሩ፤ ጸሐፊዎቹ የጀርመንኛን ስም እንደሰሙት ነው የጻፉት። ናዚዎች በግድ ያስጨመሩትን “ሣራ” እና “እስራኤል” የሚል መካከለኛ ስም እንደ እውነተኛ ስም አይያዙት።

ኦሄል ሞሼ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ግቢው ውስጥ ስሞች የተቀረጹበት ግድግዳ አለ። መቃብር ግን አይፈልጉ። አራቱ የአይሁድ መካነ መቃብሮች በ1950ዎቹ መጨረሻ ከከተማው ወጥተው ከተዛወሩ በኋላ በባህል አብዮቱ ጊዜ ጠፍተዋል። ከ2001 ጀምሮ ከመቃብሮቹ የተወሰዱ የተቀረጹ ድንጋዮች ከሻንጋይ ውጭ ባሉ መንደሮች ሲገኙ፣ አንዳንዱ ድልድይ ሥር የተነጠፈ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ የዕብራይስጡ ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ በወንዝ ዳር ልብስ ማጠቢያ።